የሻለቃ ይርጋ ድልድይ

ባለፈው ሳምንት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ሥር ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ፣ መንገዱን የሚቆፍሩት ሠራተኞች አርማታ እያቦኩ ነበር። ካፊያ ጀምሮ ስለነበር የእርጥብ ሲሚንቶው ሽታ ከእንጦጦ ከሚወርደው የባሕር ዛፍ ሽታ ጋር ተደባልቆ መጣብኝ። አንድ ታክሲ ቆመ፤ አልገባሁም። ሁለተኛውም ቆመ። "እማማ፣ አይገቡም እንዴ?" አለኝ ረዳቱ በሩን ይዞ። "ሂድ ልጄ፣ የረሳሁት ነገር አለ" አልኩት። የረሳሁትስ አልነበረም፤ ትዝ ያለኝ ነው እንጂ። እግሬ ቤቴን ትቶ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወሰደኝ።

ወንዝ የምለው ለልማድ ነው። በበጋ ዶሮ እግሯን ሳታረጥብ ትሻገረዋለች፤ ሐምሌ ሲገባ ግን ድንጋይ እያንከባለለ፣ ግንድ እያገላበጠ ይወርዳል። ዛሬ በላዩ ሰፊ አስፋልት ተነጥፎ ውሃው በትልቅ ቱቦ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ በመኪና የሚሄድ ሰው ከጎማው ሥር ወንዝ እንዳለ እንኳ አያውቅም። አስፋልቱ ከመምጣቱ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ የአርማታ ድልድይ ነበር። የሠሩት ሻለቃ ይርጋ ናቸው። ስማቸው የትም አልተጻፈም። እኔም እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም፤ ልጽፍ ስቀመጥ እንደ እሳቸው መቀመጥ ያቅተኛል፣ እየተነሣሁ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ።

ሻለቃ ወደ ሰፈራችን የተመለሱት መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ገደማ፣ የቀድሞ ወታደሮች ከሚቆዩበት የተሃድሶ ካምፕ ተለቀው ነው። ያኔ እኔ በሰፈሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ትኩስ ዳቦ በሃያ አምስት ሳንቲም ይገዛ ነበር። ከፈረንሳይ አራት ኪሎ ታክሲው ሃምሳ ሳንቲም ቢሆንም እሱንም ለማትረፍ በእግር የምንወርድበት ቀን ይበዛል። ታክሲ መያዣው ጥግ ላይ አንዲት የካሴት መሸጫ ሱቅ ነበረች፤ ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ ክሩ እስኪላላና ዘፋኙ ሰካራም እስኪመስል ድረስ ያንኑ ያጫውታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳልባጅ ልብስ በሸራ ላይ ይከመራል፤ እኔ ከዚያ ክምር ውስጥ ያወጣሁትን ቡኒ ካፖርት አሥራ ሁለት ክረምት ለብሼዋለሁ። በዚያ ዓመት ከሰፈሩ ወንድ ግማሹ የወታደር ልብስ ነበረው። ካኪ ለብሶ መታየት ስለማይመች ሁሉም ጥቁር ቀለም እየገዛ ይነክረዋል። የሻለቃም ጃኬት የተነከረ ነበር። ማዕረጉ የተነሣበት ትከሻው ላይ ቀለሙ ጠለቅ ብሎ ስለያዘ፣ ማዕረጉ እንደ ጥላ ሆኖ ቀርቷል።

ስማቸው ይርጋ ይሁን እንጂ መርጋት የሚባል አልፈጠረባቸውም። ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው እስከ እንጦጦ ማርያም በእግራቸው ይወጣሉ። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር በር ሳም አድርገው ሳይገቡ ይመለሳሉ። ከዚያ በዱላቸው የሰውን ግንብ እየመቱ መንደሩን ይዞራሉ። "ይህ ግንብ ውሃ መውጫ የለውም፤ ነሐሴን አያልፍም" ይሉና ይሄዳሉ። ባለቤቱ ይቆጣል፤ ግንቡም ነሐሴን አያልፍም። የሰፈሩ ሰው "ሻለቃ ውሃ ልክ" የሚል ስም አወጣላቸው። ከጦሩ መሐንዲስነት በፊት በሲቪል ምህንድስና የተመረቁ ሰው ቢሆኑም፣ ሥራ ፍለጋ የገቡበት ቢሮ ሁሉ የት እንደነበሩ ከጠየቃቸው በኋላ ወረቀታቸውን ይመልስላቸዋል። ቤቱን የምትይዘው ባለቤታቸው እትዬ ሰብለ ነበረች፤ በሹራብ መሥሪያ ማሽን የተማሪ ሹራብ ትሠራለች። እትዬ ሰብለ ጴንጤ ናት። እሑድ ወደ ቸርች ስትሄድ ሻለቃ እስከ በሩ ይሸኟታል፤ እስክትወጣ ድረስም ውጭ ወዲያና ወዲህ ይላሉ።

በዚያ ዘመን ወንዙን የምንሻገረው በሁለት የባሕር ዛፍ ግንዶች ላይ ነበር። ትምህርት ቤቱ ወዲህ፣ የልጆቹ እኩሌታ ቤት ወዲያ። ሻለቃ በመጡ በሁለተኛው ክረምት፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ከእኔ ክፍል ትዕግሥት የምትባል ልጅ ከግንዱ ላይ ተንሸራትታ ውሃ ወሰዳት። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሁለት ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው መቶ እርምጃ ያህል ከወረደች በኋላ በሹራቧ ያዟት። ተረፈች። ሹራቡ እትዬ ሰብለ የሠራችው ነበር። እኔ ግን በዚያ ቀን ክፍል ውስጥ መቆም አልቻልኩም። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሻለቃ ቤት ሄድኩ። ደረጃው ላይ አጎንብሰው ያረጁ ሚስማሮች እየቀጠቀጡ ያቃናሉ።

"ሻለቃ፣ እርስዎ መሐንዲስ ነዎት። ድልድይ ይሥሩልን" አልኳቸው።

ቀና አላሉም። "ግንብ የፈለግሽውን ያህል እገነባለሁ። ቦይ እቆርጣለሁ። የትምህርት ቤቱን ጣራ እጠግናለሁ። ድልድይ ግን አልሠራም።"

"ለምን?"

"አልሠራም አልኩሽ፣ የሺ።"

ያን ቀን ያየሁት ነገር አንደበቴን አከረረው። "ለጦርነት ሲሆን ሠርተዋል፤ ለልጆች ሲሆን ነው እጅዎ የሚከብደው?" አልኩ።

ሚስማሮቹ ከእጃቸው ወደቁ። ቀና ብለው በጓሮ በር ወጡ። እትዬ ሰብለ ተከትላኝ እስከ በሩ መጣች። አልተቆጣችኝም። "አትፍረጂበት" አለችኝ። "እኔም ሙሉውን አላውቀው። የሠራውን ድልድይ ራሱ አፍርሷል። ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው። ቸርች አብረን እንግባ ስለው 'አምላክሽ ፊት ቁጭ ማለት አልችልም' ይለኛል።"

ሦስት ቀን ራሴን ስወቅስ ሰነበትኩና ቅዳሜ ማለዳ ይቅርታ ልጠይቅ ዳገቱ ላይ ደረስኩባቸው። ዛሬ ያ መንገድ ሌላ ነው። ከላይ ፓርክ ተሠርቶ ወጣቱ በብስክሌትና በፈረስ ይዝናናበታል፤ ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ ይዛኝ ሄዳ "አያቴ፣ ቪው ፖይንቱ ናይስ አይደል?" እያለች ፎቶ አነሳችኝ። ያኔ ያ ቦታ ጭጋግና ባሕር ዛፍ፣ ጀርባቸው የጎበጠ እንጨት ተሸካሚ ሴቶችና አህዮች ብቻ ነበሩበት። ሻለቃ እርምጃቸውን አላዘገዩልኝም። እያለከለክሁ ተከተልኳቸው። እንጦጦ ማርያም አጥር ጋ ስንደርስ፣ እንደቆሙ፣ እኔን ሳያዩ ጀመሩ።

"ጥሩ ድልድይ ነበር። ሰሜን ነው፤ የወንዙን ስም ተይው። በስምንት ወር ሠራነው። ስንጨርስ የማዶ መንደርተኞች በሬ አርደው አበሉን። በሁለተኛው ዓመት ጦሩ ማፈግፈግ ሲጀምር አፍርስ ተባልኩ። ሰዓቱ ተነገረኝ። ከእኛ ወገን አንድ መቶ የሚሆን ሰው ግን ማዶ ቀርቶ ነበር። ሰዓቱ ደረሰ፤ ጠበቅሁ። አለፈ፤ አሁንም ጠበቅሁ። በሬዲዮ ይሰድቡኛል። ከዚያ በማዶው ዳገት ላይ አቧራ ተነሣ።"

"የማን?" አልኳቸው።

"እሱን ነው የማላውቀው። የእኛ ከሆኑ ሊሻገሩ እየሮጡ ነው። የጠላት ከሆኑ ድልድዩን ሊይዙ ነው። የሩቅ ማሳያ መነጽር ነበረኝ፤ እጄ ስለተንቀጠቀጠ ምንም አላሳየኝም። ማፈንጃውን ተጫንኩት። ፍንዳታው የራሱን አቧራ አስነሣ። እሱ ሳይጠራ ውጡ ተባልን፤ ወጣን።"

"ሻለቃ፣ ያን ዕለት የተናገርኩትን ይርሱልኝ" አልኩ።

"እውነት ነው የተናገርሽው። ነይ፣ ሥዕሉን ላሳይሽ።"

ቤት ስንደርስ ከፍራሹ ሥር ጥቅል አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀቶች አወጡ። በጀርባቸው ላይ፣ በተቀረጸ እርሳስ፣ የእኛ ወንዝ ከነግራና ቀኙ፣ ከነድንጋዩ ተሥሏል። ድልድዩም አለ። ከካምፕ በተመለሱ በመጀመሪያው ወር ሠርተው የጨረሱት ነው። እትዬ ሰብለ ሁለት ዓመት የተኛችበትን ወረቀት እንደኔው ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ማሽኗን አቁማ ብዙ አየችው።

መስቀል እንዳለፈ ሥራው ተጀመረ። እድሩ አስተባበረ። ሲሚንቶና ፌሮውን ጋሽ ሱሩር አመጡ፤ በወንዙ አፋፍ ሱቅ የነበራቸው፣ ቀልዳቸው ከስኳራቸው የሚበልጥ የስልጤ ሙስሊም ናቸው። ከቀበሌ አንድ ሰው መጥቶ "እኒህ ሻለቃ የሚባሉት ሕዝብ የሚሰበስቡት ለምንድን ነው?" ሲል ጋሽ ሱሩር "ድንጋይ ሊያሸክሙን ነው፤ እርስዎም ባሬላ ይያዙና ያግዙን" አሉት። ሰውዬው ሳይወድ ሳቀ። ይሁንና ለሥራው ፈቃድ በሚቀርበው ማመልከቻ ላይ የሻለቃ ስም እንዳይኖር ተባለ፤ በእድሩ ስም ገባ። ሻለቃ ግድ አልሰጣቸውም። ስማቸውን እንኳ የሚጠይቁ አይመስሉም፤ አሸዋ ነው የሚጠይቁት።

ነገሩ የተበላሸው በዚሁ አሸዋ ነው። በማዶ በኩል ያለውን የድልድዩን እግር ግንበኞቹ ሲሠሩ ሻለቃ ወባቸው ተነሥቶባቸው ሦስት ቀን ተኝተው ነበር። ሲነሡ ግንቡ አልቆ፣ ሰዉ ተደስቶ ጠበቃቸው። አጠገቡ ሄደው በሚስማር ጫር ጫር አደረጉት። እንደ ቆሎ ዱቄት ረገፈ። አሸዋው ሳይታጠብ ከነአፈሩ ነው የተቦካው።

"ይፍረስ" አሉ።

ጋሽ ሱሩር ቀስ ብለው ቀረቧቸው። "ሻለቃ፣ ሰው ደክሟል። ከላይ ጥሩ አድርገን እንለስነውና ይለፍ።"

"ጋሽ ሱሩር፣ ውሃ ልስን አያይም።"

ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ። ከመካከል አንዱ፣ ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ "ማፍረስ የለመደ እጅ" ሲል ሰማሁ። ሻለቃም ሰምተዋል፤ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ሲነሣ አይቻለሁ። ጃኬታቸውን አውልቀው ዛፍ ላይ ሰቀሉና ዲጂኖ አንሥተው ብቻቸውን ማፍረስ ጀመሩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእድሩ ማንም አልመጣም። ከትምህርት ሰዓት በኋላ እኔ ድንጋይ እያቀበልኩ፣ እትዬ ሰብለ አሸዋ እያጠበች እናግዛለን። መጀመሪያ የተመለሱት እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ናቸው። ማንም ሳይነግራቸው፣ በዚያ ሁሉ ሸክም ላይ፣ ከላይ ሲወርዱ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድንጋይ ጨምረው ያመጣሉ። እሱን ያዩት ጋሽ ሱሩር አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ወረዱ። በማግስቱ እድሩ በሙሉ ተመለሰ። ስለተባለው ነገር ማንም አላነሣም።

በሚያዝያ አለቀ። ሻለቃ ሰውን ሁሉ፣ እንጨት ተሸካሚዎቹን ከነሸክማቸው፣ ድልድዩ ላይ ወጥታችሁ ቁሙ አሉ። ራሳቸው ወርደው ከሥሩ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ሰብለ ከላይ ሆና "ይርጋ፣ ኧረ ውጣ፤ ቢወድቅብህስ?" አለች።

"ሌላ ሰው ላስቀምጥ እንዴ?" አሉ ከታች።

ከዚያ በፊት ያን ያህል ጊዜ ቁጭ ብለው አይቻቸው ስለማላውቅ፣ እንግዲህ አረፉ ብዬ ነበር። አላረፉም። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናብ ሲያጉረመርም ጃኬታቸውን ጣል አድርገው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ዓመታት አለፉ። የካሴት ሱቋ ተዘግታ በቦታዋ የቪዲዮ ቤት ተከፈተ፤ ዳቦው ዋጋው ሲጨምር መጠኑ አነሰ፤ ልጃገረዶቹ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ማድረግ ጀመሩ። ትዕግሥት ስምንተኛ ክፍል ደረሰች። ሻለቃ በየጠዋቱ ዳገቱን መውጣት፣ በሩን ስመው መመለስ አልተዉም። አንድ ቀን አገር አቋራጭ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ሰሜን መሄዳቸውን ከእትዬ ሰብለ ሰማሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከስተው ተመለሱ። ልጠይቃቸው ስሄድ ያለወትሯቸው ወንበር ስበው ከፊቴ ተቀመጡ።

"ደረሱ?" አልኳቸው።

"ደረስኩ። ሌላ ድልድይ ተሠርቶበታል፤ ክፉ አይደለም። ማዶ ተሻግሬ መንደሩ ገባሁ። ሦስት ሰው ጠየቅሁ። አንዱ 'ወታደሮች ነበሩ፤ ሮጠው ሲመጡ ድልድዩ ፈነዳ' አለኝ። አንዲት ሴትዮ 'ምን ወታደር፤ ከጦሩ የሸሸ የመንደራችን ከብት ነበር፤ አቧራው የከብት ነው' አለችኝ። ሦስተኛው ሽማግሌ ደግሞ 'እዚህ የድሮ ድልድይ ኖሮ አያውቅም' አለኝ። እኔ የሠራሁትን፣ እኔ ያፈረስኩትን።"

"ታዲያ የማንን አመኑ?"

"ሲነጋ የሴትዮዋን አምናለሁ። ሲመሽ የመጀመሪያውን። ሽማግሌው ግን ደግ ሰው ነው። ምሳ አበላኝ።" ከዚያ ተነሥተው ወጡ።

ሻለቃ ያረፉት ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይተው ነው። ቀብራቸው ላይ እንጨት ተሸካሚዎቹ ከሩቅ ቆመው አለቀሱ፤ ጋሽ ሱሩር እንደ ወንድም ሆነው ሰው ተቀበሉ። ሳልነግራችሁ የማላልፈው ግን ከመሞታቸው በፊት የነበረውን ሐምሌ ነው።

ልባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ውለዋል። ወደ ወንዙ መውረድ ስላቃታቸው በየቀኑ ሄጄ የውሃውን ከፍታ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። ሳይተኙ በፊት የድልድዩ እግር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገውበታል። "ውሃው ቀዩን ካለፈ ገመድ ወጥሪና ማንንም እንዳታሳልፊ" አሉኝ። "እኔ ያሰላሁት ውሃ ይሄ አይደለም። ላይ ያለው ጫካ ተመንጥሯል፤ ቤት በዝቷል። ድልድዩ ይችለው እንደሆነ አላውቅም።"

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። ስደርስ ውሃው ቡና መስሎ፣ ቀዩን ውጦታል። ገመዱን ወጠርኩ። ወዲህ የነበሩትን ሰዎች መለስኩ። ወዲያው ግን በወዲያኛው አፋፍ እንጨት የተሸከሙ አምስት ሴቶች ከጭጋጉ ብቅ አሉ። እጄን እያውለበለብኩ ተመለሱ አልኩ፤ የውሃው ድምፅ ድምፄን ዋጠው። የቆሙበት አፈር ከሥራቸው እየተናደ ነበር፤ ከኋላቸውም ያለው ቁልቁለት ጎርፍ ሆኗል። የሚመለሱበት የለም። ከመካከላቸው ትልቋ እጇን አንሥታ ጠበቀችኝ። እኔን። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ የሰው ዓይን ከብዶኝ አያውቅም።

ገመዱን ፈታሁት። ሸክማችሁን ጣሉ ብዬ በምልክት አሳየሁ፤ ጣሉ። አንድ በአንድ ጠራኋቸው። አንዷ በመጣች ቁጥር ድልድዩ ሲንቀጠቀጥ በጫማዬ ሥር ይሰማኛል። አምስተኛዋም እጄን ይዛ ተሻገረች። ገመዱን መልሼ ወጠርኩ። ድልድዩ አልወደቀም፤ አስፋልቱ እስኪመጣ ድረስ ቆሟል። ያን ዕለት ግን ያንን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እንደበሰበስኩ ወደ ሻለቃ ሄድኩ። እትዬ ሰብለ በፎጣ ጠቀለለችኝ። እሳቸው ትራሱን ተደግፈው ቀና ብለዋል።

"ቀዩን አለፈ?" አሉኝ።

"አለፈ።"

"ከለከልሽ?"

መዋሸት አሰብኩ፤ አልሆነልኝም። "ወዲህ ያሉትን ከለከልኩ። ማዶ አምስት ሰዎች ነበሩ። አሳለፍኳቸው።"

እትዬ ሰብለ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች።

"ሁሉም ተሻገሩ?"

"ሁሉም።"

"ፊታቸውን አይተሻል?"

"አይቻለሁ። ትልቋን አውቃታለሁ፤ ያኔ ትዕግሥትን ከውሃ ካወጡት አንዷ ናት። አንዷ ፍንጭት ናት። ትንሿ እርጉዝ ትመስለኛለች፤ እያለቀሰች ነበር።"

ሻለቃ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጉ። እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር። ያዝኩት።

"እንኳን አልሰማሽኝ፣ የሺ" አሉኝ።